ከንፈር ይገናኝ፣ ጥርስ ይለያይ

ሐኪም ጌታነህ የሞተ ዕለት ሥራ የገባሁት አርፍጄ ነው። ዳገቱ ላይ ሰዎች ተሰብስበው አይቼ ነበር፤ ባጃጅ ተገልብጦ ይሆናል ብዬ አለፍኋቸው። የጤና ጣቢያችን ጥበቃ አያ ደሴ ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ጠበቁኝ። እኒያ ሰውዬ ኮፍያቸውን ለኃላፊውም አውልቀው አያውቁም።

«ሲስተር የሺ፣ ሐኪምን ዳገቱ ላይ ጥሎት በባጃጅ አመጡት። አልተረፈም» አሉኝ።

ደም ግፊት ነው ተባለ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከእሱ ጋር በአንዲት ጠባብ የጥርስ ሕክምና ክፍል ውስጥ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝና፣ ያ ሰው ምን ሲውጥ እንደኖረ ከሌላው በተሻለ አውቃለሁ። የሞተ ሰው ሲወደስ መስማት አልወድም፤ በእኛ አገር ሞቶ ክፉ የሆነ ሰው የለም። ስለዚህ ጌታነህን አላወድሰውም። የማውቀውን ብቻ እናገራለሁ፤ ስለ እሱ ለመናገር ደግሞ ከጥርስ መጀመር ግድ ነው።

ጌታነህ የኩልመስክ ገበሬ ልጅ ነው። አጠር ብሎ ደንደን ያለ፣ ራሱ በወጣትነቱ የተመለጠ፣ በነጭ ገዋኑ ላይ በክረምትም በበጋም ጋቢ የሚደርብ ሰው ነበር። ኃላፊው «ሐኪም፣ ይኸ ነገር ከደንብ ውጭ ነው» ሲለው «ብርዱም ከደንብ ውጭ ነው» ብሎ ይመልስለታል። የክፍላችን ወንበር መርገጫው ተበላሽቶ ስለነበር ታካሚ ከፍ ማድረግ ሲፈልግ ትከሻውን ከሥር አስገብቶ ከነሰውዬው ያነሣዋል። አሮጊቶቹ በስመ ሥላሴ ይላሉ፤ እሱ ይስቃል።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የሚወዳት አንዲት ሰማያዊ ስስ ወረቀት ነበረች። በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መሀል ያስገባትና «ንከስ» ይላል። ታካሚው ሲነክስ፣ ንክሻው የበረታበት ጥርስ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ይቀራል። «አሁን ወደ ጎን አንሸራትት። መልስ። እንደገና ንከስ።» ሰውየው ጆሮውን አሞት ይምጣ ራሱን፣ ሳያስነክሰው አይለቀውም። የከተማው ልጆች «ሐኪም ንከስ» ብለው ስም አወጡለት። እኔ ተናድጄ ልቆጣቸው ስል «ተያቸው፤ ሐኪም ንቀል ከመባል ይሻላል» አለኝ።

ሌላው ልማዱ የሰው ጉንጭ ማየት ነው። ጥርሳችንን ስንገጥም ከጆሮ ዝቅ ብሎ መንጋጭላ ላይ የምታብጥ ጡንቻ አለች፤ እሱ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ስብሰባ ላይ ሁላችንም ስንወቀስ፣ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ «የሺ፣ ጥርስሽ» ይለኛል። የገጠመውን ጥርሴን ስለየው ራሴን ቀለል ይለኛል። ጥርስ ለጥርስ መገናኘት ያለበት ሲያኝክና ሲውጥ ብቻ ነው ይላል፤ በተረፈው ቀኑን ሙሉ ተለያይቶ መዋል አለበት። ለዚህም አንድ አባባል ነበረችው፤ «ከንፈር ይገናኝ፣ ጥርስ ይለያይ።» ለባጃጅ ነጂው፣ ለፈተና ተማሪው፣ ከባሏ ተጣልታ ለመጣችው፣ ለሁሉም ያችኑ ያዝዛል። እኔ ደግሞ «መድኃኒት ቤቱ እንዳይከስር አስብ» እያልሁ እቀልድበት ነበር።

እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥርሱ በስብሶ ነው። አንዳንዱ ግን ጥርሱ ነጭ፣ አናቱ ደህና ሆኖ፣ ከድዱ ጠርዝ ላይ ባለው አንገቱ ላይ በሞረድ የተበላ የመሰለ ጎድጓዳ ይገኝበታል። ትል አልበላውም፤ አልጠቆረም። ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው፣ ወይም የማለዳ ነፋስ ሲገባበት፣ ሰውየውን ከተቀመጠበት ያስነሣዋል። ለዚህ በሽታ አገሬው አንድ ተከሳሽ ብቻ ነበረው፤ እሱም የወይራ መፋቂያ ነው። «አጥብቀህ ፍቀህ ነው» ይባላል። ሰውየው መፋቂያውን ይጥላል፤ ጎድጓዳው ግን መጥለቁን አያቆምም።

ጌታነህ መፋቂያውን ነጻ አላወጣውም። አጥብቆ መፋቅም፣ ሎሚ መምጠጥም ድርሻ አላቸው ይላል። አንድ ቀን ግን ወደ ጓሮ ወስዶ የአያ ደሴ በግ የታሰረችበትን ችካል አሳየኝ።

«ገመዱ የታሰረው የት ነው?»

«አናቱ ላይ።»

«የተሰነጠቀውስ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተሰነጠቀው መሬት የሚገባበት አንገቱ ላይ ነበር።

«ጥርስም ንክሻው ወደ ጎን ሲገፋው የሚጨነቀው አንገቱ ነው። እኛ አንገቱን እያየን አናቱን አንጠይቅም» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ይኸን ሁሉም ሐኪም አይቀበለውም፤ ገና ይከራከሩበታል። እኔ ግን ሳላስነክስ አልፈርድም» አለ።

መሪጌታ ኅሩይ የመጡት ዐቢይ ጾም በገባ በሰሞኑ ነው። ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ካሉት የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በአንዲቱ ዜማ የሚመሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። በሉ ነቅላችሁ ገላግሉኝ።»

«የቱን ነው የኔታ?» አለ ጌታነህ።

«የግራውን ሁሉ።»

አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁት። የግራ ክራንቻቸውና ከጎኑ ያሉት፣ ከላይም ከታችም፣ አንገታቸው ጠልቆ ተበልቷል። የቀኙ ግን ደህና ነው።

«መፋቂያ ነው ቢሉኝ መፋቂያየን ከጣልሁ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ መሪጌታ። «አፌን ለሰው ማሳየት እስካፍር ድረስ ተውሁት። ሌላ አገር ሄጀ አስሞላሁት፤ ወደቀ። ደግመው ሞሉልኝ፤ ሰንበት ሳይሻገር ወደቀ። አሁን አፌን ከፍቸ ቃል ላወጣ ስል ብርዱ ይገባና እንደ መርፌ ይወጋኛል። ጾመ ድጓው ተጀምሯል ልጄ። መሪው አፉን ይዞ ከቆመ ተከታዩ ምን ይከተል?»

«ሲነቀልስ የኔታ? ቃሉ በባዶው በኩል ይፈስብዎታል እኮ።»

«አውቃለሁ» አሉ። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «መሪነቱን ለደቀ መዝሙሬ እለቅና ከኋላ እቆማለሁ። ዝም ብሎ ከመቆም ማጉረምረም ይሻላል።»

ይኸን ያሉት ሳይንቀጠቀጡ ነው። እኔ ግን ማየት አልቻልሁም፤ ፎጣ የማጥፍ መስዬ ዞርሁ። ዕድሜውን በሙሉ የመራ ሰው ከኋላ ቆሞ ሊያጉረመርም ሲስማማ መስማት ከባድ ነው።

ጌታነህ ሰማያዊዋን ወረቀት አመጣ። አስነከሳቸው፤ ወደ ጎን እንዲያንሸራትቱ አደረጋቸው፤ ደግሞ አስነከሳቸው። ቀኙ ላይ ነጥቡ ደብዛዛ ነው፤ ግራው ግን በቀለም የተነከረ መሰለ።

«በዚህ በግራ በኩል ምን ያኝካሉ የኔታ?»

«በጾም ምን የሚታኘክ አለ? ሽሮ ነው።»

«ሲተኙ ጥርስዎን ያፋጫሉ?»

«ብቻየን ነው የምተኛ። ማን ሰምቶ ይነግረኛል?»

ጌታነህ ጉጠቱን መልሶ ከመሳቢያው ከተተው። «ያልበሰበሰ ጥርስ አልነቅልም። እስከ ደብረ ዘይት ይታገሡኝ» አላቸው። መሪጌታ ሳይመልሱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው መልሰው ወጡ። እኔ ተቆጣሁት፤ ሰውዬው እየተሠቃዩ የምን ደብረ ዘይት ነው አልሁት። «የሚገፋውን ሳላውቅ ብሞላው ይወድቃል፣ ብነቅለው ደግሞ የሚገፋው ነገር ወደ ቀጣዩ ጥርስ ይሄዳል» አለኝና እጁን መታጠብ ጀመረ። ግትር ነበር። ይኸን ከማለት ወደ ኋላ አልልም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ «ልሳለም እንሂድ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። ከባጃጅ ወርደን ቁልቁለቱን በእግር ጨረስነው። ቀትር ሆኖ ነበር። ጾም ስለሆነ ከበሮና ጸናጽል የለም፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ። እኔ በሴቶቹ በኩል፣ እሱ በወንዶቹ በኩል ደጃፉ ላይ ቆምን። መሪጌታ መሀል ላይ ናቸው። ቃል ሲያወጡ ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ከንፈራቸውን ቶሎ ይገጥማሉ፤ ቀሪውን ሌሎቹ ይጨርሱላቸዋል።

ንባቡ ሲረዝም ሁሉም ተደገፈ። ያኔ ጌታነህ ከማዶ ሆኖ ወደ እኔ ዞረና የተጨበጠ እጁን ከአገጩ ሥር አድርጎ አሳየኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። በአገጩ ወደ መሪጌታ ጠቆመ። አየሁ። ሌሎቹ ሊቃውንት መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አግብተው ነው የተደገፉት። የመሪጌታ መቋሚያ ግን ለቁመታቸው ረጅም ነው፤ ብብታቸው ሥር አይገባም። የግራ መንጋጭላቸውን አናቱ ላይ ጥለውበታል። የራሳቸውና የትከሻቸው ክብደት ሁሉ በታችኛው መንጋጭላ በኩል ወደ ላይ እየገፋ፣ የግራ ጥርሳቸውን ከላይኛው ጋር አጣብቆታል። ማንቀላፋት ሲመጣባቸው ደግሞ ይብሳል፤ ራሳቸው በዝግታ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይመለሳል። ይኸ በየዕለቱ፣ ለሰዓታት፣ ለዘመናት የተደረገ ነገር ነው።

እንዴት ሳላየው ቀረሁ አልልም፤ ማንም አላየውም። መቋሚያ ተደግፎ የቆመ ሊቅ ማየት እዚህ አገር ተራራ እንደማየት ነው። ተራራን ማን ልብ ብሎ ያያል?

ቅዳሴ እስኪገባ መሪጌታ ወደ ቅጥሩ ወጥተው ከጥዱ ሥር ተቀመጡ። ጌታነህ ቁጭ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ያየውን አስረዳቸው። ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳቸው፤ ችካሏንም ነገራቸው። እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። መጨረሻ ላይ ግን «ስለዚህ መቋሚያውን ማስቆረጥ ነው የኔታ» አለ።

መሪጌታ ተነሡ።

«ይኸ የማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም የኔታ።»

«የመምህሬ ነው። ከዚህ በር የማይገባ ቁመት ነበራቸው። ሊያርፉ ሲሉ በእጄ አስጨበጡኝና 'በዚህ ተደግፈህ ቁም' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ቆሜ አላውቅም። አንተ የመምህሬን ክንድ ቁረጥ ትለኛለህ?»

ጥለውን ሄዱ። በመንገድ ላይ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አልሁት። አልሳቀም። ጉንጩ ላይ ያች ጡንቻ አብጣ አየኋት።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገባ። ሐኪሙ የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ይቆረጥ አለ ተባለ። በማግሥቱ ሐኪሙ ዜማ ይቅር አለ ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ የሰማው ኃላፊው ቢሮ ጠርቶ «ጥርስህን ንቀል፣ ከካህናት ጋር አታጋጨን» ሲለው ነው። የሚመጣው ታካሚ ቀነሰ። አንዲት ሴትዮ የልጇን እጅ ይዛ ከበሩ ላይ ስትመለስ አይቻታለሁ። ጌታነህ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ መሣሪያውን ሲያጥብ ይውላል፤ ጠዋት ሲገባ ግን መንጋጭላው እምቢ ብሎት ቁርስ መብላት እንኳ ያቅተው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው ስላልነበረ ወንበሩ ላይ ገፍቼ አስቀመጥሁትና ወረቀቷን አወጣሁ። «ንከስ» አልሁት።

«ሐኪሟ አንቺ ሆንሽ?»

«ንከስ አልሁህ።»

ነከሰ። ከዚያ ከንፈሩን በጣቴ ገለጥሁ። ዓመታት አብሬው ስሠራ አፉን ከፍቼ አይቼ አላውቅም ነበር። የመሪጌታን ያየ ዓይኔ የእሱን ሲያይ ደነገጥሁ። በግራም በቀኝም፣ የሁሉም ጥርሱ አንገት ተበልቶ ነበር። አናታቸውም ተፋጭቶ ጠፍጣፋ ሆኗል።

«አንተ ደግሞ በምን ተደግፈህ ነው?» አልሁት።

ያኔ ነው የነገረኝ። ባለቤቱ ተዋበች አልጋ ከያዘች መቆየቷን እናውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሚያስታምማት ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሌሊት ሌሊት ገላዋ እንዳይቆስል የሚያገላብጣት፣ የሚያጥባት፣ ስታቃስት የሚነሣው እሱ ራሱ ኖሯል።

«ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ቢያቃስት ማን ማንን ይሰማል የሺ?» አለኝ። «አንዳችን መቻል አለብን።»

ሰው ሲተኛ ጥርሱ እንዳይፋጭ የሚነክሳትን የፕላስቲክ ልባስ ለሌላው እንደሚያዝዘው ለራሱም እንዲያሠራ ለመንሁት። እሺ አለ። እሺ ብሎ እንደማያደርገው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያን ቀን ወደድሁት። እንደ ወንድሜ ነው የወደድሁት፤ ሌላ ነገር አልጨመርሁበትም፤ ግን ወደድሁት፤ ደግሞም አዘንሁበት፤ ለአገር የሚያድለውን አንዲት ቃል ለራሱ ሊወስዳት አልቻለም።

ደብረ ዘይት አለፈ። ሆሳዕና ሊሆን ሲል መሪጌታ ኅሩይ መጡ። ከስተዋል። አያ ደሴ ደግፈው ነው ያስገቧቸው። ከአፋቸው ነጠላውን ሲያነሡ የወጣው ድምፅ የማላውቀው የሌላ ሰው ድምፅ ነው።

«ሕማማት ሊገባ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መቆም አለ፣ መስገድ አለ፣ ትንሣኤን ማወጅ አለ። እኔ አልቻልሁም። ልጄ፣ ከአንተ ጋር ልከራከር አልመጣሁም። ንቀልልኝ።»

እጃቸው ውስጥ ያው መቋሚያ ነበር። እኔ ጉጠቱን አወጣሁ። አሁንስ ይነቅላል ብዬ ነበር። ጌታነህ ግን ጉጠቱን አልተቀበለኝም። ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከና «የኔታ፣ እስቲ ያሳዩኝ» ብሎ መቋሚያውን ተቀበላቸው። ከላይ ጀምሮ በመዳፉ ዳሰሰው። አናቱ ላይ እንጨቱ በዘመን ብዛት ለስልሶ እንደ ቀንድ ያብለጨልጫል።

«የመምህርዎ ብብት ያለሰለሰው ይኸ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እጃቸው የነበረውስ?»

መሪጌታ ጣታቸውን ዘርግተው ከአናቱ ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ ነኩ። እዚያም ለስልሷል።

«ከዚህ አንዲት ፍቅፋቂ አልነካም» አለ ጌታነህ። መቋሚያውን ገለበጠውና ጭቃ የጠጣውን፣ የተሰነጣጠቀውን ግርጌውን አሳያቸው። «የሚቆረጠው ይኸኛው ነው። ይኸ የመምህርዎ ክንድ አይደለም የኔታ። መሬት የነካው ነው።»

መሪጌታ ግርጌውን ለረጅም ጊዜ አዩት። መቋሚያ ይቆረጥ ሲባሉ አናቱን እንጂ ግርጌውን አስበውት እንደማያውቁ ከፊታቸው ታየኝ። እኛም ብንሆን አላሰብነውም ነበር፤ ጌታነህ ራሱ እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ሲያወጣ ሲያወርደው ከርሞ ነው የደረሰበት። ከዚያ ዕንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። «እኔ እጄን አላነሣበትም። አንተ ቁረጠው» አሉት።

አያ ደሴ መጋዝ አመጡ። ጌታነህ መሪጌታን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ከብብታቸው ሥር ለካ፤ ደግሞ ለካ። በጥርስ ወንበሩ ክንድ ላይ አስደግፎ በዝግታ ቆረጠው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው በግዕዝ የሆነ ነገር ያነበንባሉ። ቁራጩ ሲወድቅ ጎንበስ ብለው አነሡትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያዙት። ከዚያ ጌታነህ በግራ በኩል ከፍ ብለው የሚላተሙትን የጥርስ ጫፎች በጥቂቱ አስተካከለ፤ ጎድጓዳዎቹንም ሞላላቸው። ሲጨርስ «የኔታ፣ የምነግርዎትን ይዘው ይሂዱ» አላቸው። «ከንፈር ይገናኝ፣ ጥርስ ይለያይ።»

«ቅኔ ነው እንዴ?» አሉት።

«ማዘዣ ነው የኔታ።»

ሳቁ። ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ማየቴ የመጀመሪያው ነበር።

የተበላ ጥርስ መልሶ አይበቅልም፤ የመሪጌታም አልበቀለም። የተሞላው ግን አልወደቀም። የትንሣኤ ዕለት ቤተ ክርስቲያናቸው ቅጥር ውስጥ ቆሜ ስሰማቸው፣ ድምፃቸው እንደ ድሮው አጥሩን ዘሎ ሲሄድ፣ ጌታነህ ከአጠገቤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ ነበር። እኔም አላየሁትም አልሁ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሊቃውንት እየመጡ መቋሚያቸውን ያስለኩት ጀመር። ክፍላችን የጥርስ ይሁን የእንጨት ሥራ እስኪጠፋን ድረስ ሳቅን። ሸሽተው የነበሩትም ተመለሱ።

ተዋበች ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞተች። በቀብሯ ላይ ጌታነህ አላለቀሰም። ወንዶቹ አይዞህ፣ ቻለው እያሉ ጀርባውን ይመታሉ፤ እኔ ግን ጉንጩን ነበር የማየው። ወደ ሥራ የተመለሰው ቶሎ ነው። ማታ የሚያገላብጣት ሰው ስለሌለች ደህና ይተኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ልማድ ሆኖበት በዚያው ሰዓት እንደሚነቃ አንድ ጊዜ ብቻ ነግሮኛል። «ጥርስህ» ብዬ ሳስታውሰው «አዎ፣ አዎ» ይልና ይለየዋል፤ ዞር ስል ይገጥመዋል። ያችን የፕላስቲክ ልባስ አላሠራትም። ያ የሚያናድድ ሰው! አሁንም ድረስ ሳስበው ያናድደኛል።

እንግዲህ ያን ጠዋት አያ ደሴ ነግረውኝ ስገባ፣ ጌታነህ የድንገተኛ ክፍሉ አልጋ ላይ ነበር። ወንድሞቹ ከኩልመስክ እስኪደርሱ ገላውን የማሰናዳቱ ሥራ የእኔ ሆነ። ሌላ ሰው ላድርገው ሲለኝ እምቢ አልሁ። ዓይኑን ከደንሁ። እጁን አስተካከልሁ። ጋቢውን አጣጥፌ ከጎኑ አኖርሁ። ከዚያ አፉ እንዳይከፈት ፋሻ አመጣሁና ከአገጩ ሥር በራሱ ላይ አዙሬ ጠበቅ አድርጌ አሰርሁት። እንደተማርሁት ነው ያሰርሁት። ለብዙ ሰው አስሬአለሁ፤ እጄ ሥራውን ያውቃል።

መሪጌታ ኅሩይ ለግንዘቱ ከካህናቱ ጋር መጥተው ከበሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። መቋሚያቸው ብብታቸው ሥር ነው። ወደ አልጋው ቀረቡ። ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩት፤ ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው ፋሻው ያጣበቀውን ጉንጩን ከጆሮው ዝቅ ብሎ ነኩት።

«ልጄ» አሉኝ በዝግታ፣ «ትንሽ ላላ አድርጊው።»

አልገባኝም ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ከንፈሩ ይገናኝ። ጥርሱ ይለያይ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት። ዕንባዬ አላሳይ ብሎኝ ቋጠሮውን መፍታት አቃተኝ፤ መሪጌታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፈቱልኝ። ሁለታችንም ሆነን እንደገና አሰርነው። ከንፈሩ ገጠመ፤ ጥርሱ አልገጠመም። ጉንጩ ላይ የነበረው እብጠት ጠፋ፤ ፊቱ እኔ የማላውቀው የወጣትነቱ ፊት ሆነ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡና፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው ፍትሐቱን ጀመሩለት።